ግሪክን በሳይክል፣ ከገዳም ገዳም፦ በኦገስት ለምን አይሆንም?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የ31 ዓመት ልጅ ነኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። በየቀኑ ለሥራ ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር በሳይክል እሄዳለሁ። ኦገስት ላይ የ14 ቀን ዕረፍት አለኝ። ብቻዬን ከተሰሎንቄ ተነስቼ አቶስ ተራራን፣ ሜቴኦራንና ዴልፊን አይቼ፣ ወደ ደቡቡ ልሳነ ምድር ወደ ፔሎፖኔዝ ተሻግሬ እስከ ጥንታዊቷ ፈራሽ ከተማ ሚስትራ መውረድ አስቤያለሁ። መጨረሻዬ አቴንስ ነው። ስልኬ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለኛል፤ ለ14 ሲካፈል 86 አይሞላም። ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ገዳማቱ ያሳድሩኛል፤ ገዳም በሌለበት ድንኳን እተክላለሁ። ስለዚህ ከትራንስፖርት ውጪ 400 ዩሮ ይበቃኛል ብያለሁ። ፍልሰታንም እየጾምኩ ነው የምሄደው። የቀረኝ ነገር አለ?»

ምላሽ፦ ዕቅድህ እንዳለ አይሄድም። ጉዞው ግን ይሄዳል፤ ወሩን፣ መንገዱንና ማደሪያውን ከቀየርክ። ሰዓት በጠቀስኩበት ሁሉ የአገሩን አቆጣጠር ነው የምጠቀመው፤ 13 ሰዓት ስል የኛ ሰባት ሰዓት ነው።

ከሒሳቡ እንጀምር። 1,200ን ለ14 በትክክል አካፍለሃል፤ 14ቱ ቀን ግን በእጅህ የሉም። አቶስ ለሚገባ እንግዳ በተለምዶ የሚሰጠው ፈቃድ ለአራት ቀን፣ ለሦስት ሌሊት ነው። በእነዚያ አራት ቀናት ፔዳል አትረግጥም። 10 ቀን ቀረህ ማለት ነው፤ በቀን 120 ኪሎ ሜትር። ዕረፍት የለም፣ ዝናብ የለም፣ የፈነዳ ጎማ የለም፣ ገዳም ገብቶ አንድ ሰዓት መቀመጥም የለም። እንዲህ ከሄድክ አገሩን ሳይሆን የአስፋልቱን ነጭ መስመር አይተህ ትመለሳለህ።

ደግሞ የማይን ወንዝ ዳር 22 ኪሎ ሜትርና የግሪክ ተራራ 22 ኪሎ ሜትር የሚመሳሰሉት በቁጥር ብቻ ነው። ዕቃ የጫነ ሳይክል ጠንካራ ዳገት ላይ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ለምሳሌ ከቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ተነስተህ ሜጋ ስፒሌኦ ገዳም ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከባሕሩ ተነስተህ ወደ 900 ሜትር ትወጣለህ። ከፒያሳ እንጦጦ ማርያም ያለውን ዳገት ውሰድና ግማሹን ድገምበት። ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ጠዋት፣ እግርህ ሳይዝል። ስለዚህ ኪሎ ሜትር መቁጠሩን ተወውና ከፍታ ቁጠር። ለአንተ በቀን 1,000 ሜትር መውጣት ጥሩ ጣሪያ ነው። በእነዚያ ተራሮች ውስጥ ይህ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንዳንድ ቀን 35።

አሁን ወደ አቶስ። አቶስ ሳይክል ይዘህ የምትገባበት ቦታ አይደለም። እንግዳ በየብስ አይገባም፤ ከኡራኖፖሊ ወደብ በጀልባ ወደ ዳፍኒ ትሻገራለህ። የጎብኚ ተሽከርካሪ አይፈቀድም። ከዚያ ወዲያ በእግር ወይም በሚኒባስ ነው። ለመግባት ዲያሞኒቲሪዮ የሚባል የፈቃድ ወረቀት ያስፈልግሃል። በቀን ለ100 ኦርቶዶክሶችና ለ10 «ሌሎች» ይሰጣል። ከ«ሌሎች» መሐል እነማን እንዳሉ ገምት። እኛ ነን። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ቁርባናችን ተለያይቷል፤ ቢሮው የሚያየው ያንን እንጂ ማተብህን አይደለም። አሥሯ ቦታ ደግሞ በበጋ ከወራት በፊት ትያዛለች። ፈቃዱ ተገኘ ማለትም አልጋ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ከ20ዎቹ ገዳማት የምታድርበትን ለየብቻ አስቀድመህ መጠየቅ አለብህ። (ይህን የምታነቡ እህቶች፣ አቶስ ሴት አይገባበትም። ደብረ ዳሞን ለምታውቁ አዲስ ነገር አይደለም።)

ስለዚህ አቶስን ከዚህ ጉዞ አውጣው። ሌላ ጊዜ፣ ያለ ሳይክል፣ ጥሩ ጫማና ትንሽ ቦርሳ ይዘህ ለብቻው ሂድበት።

«ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ያሳድሩኛል» ያልከውም ማረም ይፈልጋል። በር ላይ መነኩሴ ስታገኝ «ኤቭሎጊቴ» በል። እንደኛው «ይባርኩኝ አባቴ» ነው። «ኦ ኪሪዮስ» ብለው ይመልሱልሃል፤ ጌታ ይባርክህ እንደማለት። ከየት እንደመጣህ ይጠይቁሃል። ኤቲዮፒያ ስትል ፊታቸው ይፈታል፣ ቀጥሎ ኦርቶዶክስ ነህ ወይ ይመጣል። ተዋሕዶ ነኝ በል። ብዙዎቹ «ኮፕት» ብለው ነው የሚያውቁን፤ በር ላይ የኬልቄዶንን ክርክር አትክፈት። ቅዳሴ ላይ ትቆማለህ፣ አትቆርብም። ጫማህን አታውልቅ፤ እዚያ የሚያወልቅ የለም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በልማድ አውልቄ በካልሲ እብነ በረዱ ላይ ስቆም፣ አንዲት ባልቴት ያመመኝ መስሏቸው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። መቋሚያም የለም። በግድግዳው ዙሪያ ክንድ የሚያሳርፉ ከፍ ያሉ የእንጨት መቆሚያዎች አሉ፤ ሲደክምህ እዚያ ተደገፍ።

የእንግዳ ቤት ያላቸው ገዳማት አሉ፤ ክሴኖናስ ይሉታል። ነገር ግን አስቀድሞ ተደውሎ፣ የአበምኔቱ ቡራኬ ተገኝቶ ነው የሚታደርበት። ላብ በላብ ሆነህ፣ ሳይክል እየገፋህ፣ ማታ 19 ሰዓት ላይ ደርሰህ «ማደሪያ» ብትል ውኃ ይሰጡሃል፣ ምናልባት ዳቦም ይጨምሩልሃል፣ ከዚያ የሚቀጥለውን መንደር ያሳዩሃል። በሴቶች ገዳም ብቻውን የመጣ ወንድ አድራለሁ ብሎ አይጠብቅ። ሜቴኦራ ደግሞ ጭራሽ አታስበው። በአለቱ አናት ላይ ዛሬም መነኮሳት የሚኖሩባቸው ስድስት ገዳማት አሉ፤ ሁለቱ የሴቶች ናቸው። እስከ 1920ዎቹ ደረጃ እስኪጠረብ ድረስ ሰው የሚወጣው በገመድና በመረብ ተስቦ ነበር፤ ያው ዳሞ ነው። ዛሬ ግን በአውቶቡስ የሚመጣው ጎብኚ ልክ የለውም። ማታ በሩ ይዘጋል፤ አንተም እንደማንኛውም ሰው ካላምባካ ወይም ካስትራኪ ወርደህ ቤርጎ ትይዛለህ።

ሌላው ስለ ገዳም ማንም የማይነግርህ የቀትሩ መዝጊያ ነው። ብዙ ገዳማት ከ13 ሰዓት ገደማ እስከ 17 ሰዓት በራቸውን ይዘጋሉ። አንድ ሐምሌ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ዳገት ወጥቼ አንድ ገዳም በር ላይ ስደርስ 13 ከሩብ ነበር። በሩ ተከርችሟል። በጠርሙሴ የቀረው ውኃ ሁለት ጉንጭ አይሞላም፣ የለበስኩት የሳይክል ቁምጣ ነው። በሩ አጠገብ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ተኝቼ አራት ሰዓት ጠበቅሁ። አንድ መነኩሴ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት ጉልበቴን ነው። ምንም አልተናገሩም። በጣታቸው ወደ ቦርሳዬ ጠቆሙ። ሱሪዬ ደግሞ ከታች፣ ከእንቅልፍ ከረጢቱና ከፓምፑ ሥር ነበር። ዕቃዬን ሁሉ ደረጃው ላይ ዘረገፍኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀላል ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ሸሚዝ ከቦርሳው አፍ ላይ፣ በቀላሉ በሚወጣበት ነው የማስቀምጠው። አንተም እንዲሁ አድርግ። ሴቶች ቀሚስ ይጠበቅባቸዋል፤ አንዳንድ ቦታ በር ላይ የሚታገለደም ጨርቅ አለ። ግን በገዛ ልብስህ መግባት ይሻላል።

አሁን ኦገስት። ሜዳው ላይ 38 እና 40 ዲግሪ የተለመደ ነው። አስፋልቱ ከላይም ከታችም ይጠብሳል። በጁን 2024 ግሪክ ውስጥ በዚያ ሙቀት በእግር ሲጓዙ የነበሩ በርካታ ቱሪስቶች ሞተዋል፤ ያውም ኦገስት ሳይገባ። ዳገት ላይ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ውኃ ትጨርሳለህ። ከዚህ ጋር ፍልሰታን ደምረው። እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል ውኃ ሳትቀምስ በዚያ ፀሐይ ፔዳል መርገጥ ብርታት አይደለም፤ በረሃ መሐል ራስህን ስተህ መውደቅ ነው። ወይ ጉዞውን ወይ ጾሙን ምረጥ፤ ሁለቱንም ካልክ የንስሐ አባትህን ሳታማክር እንዳትነሳ። አንድ ነገርም ልብ በል፤ የግሪኮቹ የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፣ 15 በዓሉ ነው። የኛ የሚጀምረው በ7 ሆኖ የሚፈታው በ22 ነው። አንተ ገና ዘጠነኛው ቀን ላይ ሳለህ መንደሩ በግ ይጠብሳል። ቤርጎም በዚያ ሳምንት በእሳት ዋጋ ነው፤ መላው አቴንስ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል።

እሳት ካልኩ አይቀር፣ ድንኳኑን ከዚሁ ጋር እንጨርሰው። ግሪክ ውስጥ ከተፈቀደ የካምፕ ቦታ ውጪ ድንኳን መትከል በሕግ ክልክል ነው፤ ያስቀጣል። ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31 ደግሞ ደጅ እሳት ማንደድ አይቻልም። የሚያቃጥል ነፋስ ባለበት ቀን የደን መንገድ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋብህ ይችላል። በ2023 በኤቭሮስ ግዛት የተነሳው ሰደድ እሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ነው የነደደው። የጋዝ ምድጃህን ደረቅ ሣር ላይ ለኩሰህ ቡና ላፍላ ስትል አንድ ሰው ቢያይህ ፖሊስ መጥራቱ አይቀርም፤ እውነቱንም ነው። ከ112 የሚላክ የአደጋ መልእክት ስልክህን እንደ ሲረን ያስጮኸዋል። ያን ጊዜ የተባልክበት አቅጣጫ ሂድ፣ ዕቃ አትሰብስብ። የተፈቀዱት የካምፕ ቦታዎች በብዛት ባሕር ዳር ናቸው። ገዳማቱ ያሉት ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ አሥር ቀን ሙሉ ዳገት ለዳገት የምትሸከመው ሦስት ኪሎ ከመሆን አያልፍም።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ፔሎፖኔዝን ብቻ ያዝ። ሰሜኑን ተወው። ወሩን ወደ ሴፕቴምበር አጋማሽ ግፋው። ሜይም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ለአበባና ለምንጭ ውኃ ሜይ ይበልጣል። ፋሲካችን ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ብትነሳ የበዓሉም ግርግር አልፏል። ግን ዕረፍትህን ከኦገስት ወደ ሚቀጥለው ሜይ ከምታስተላልፍ በአምስት ሳምንት መግፋቱ ይቀላል። በሴፕቴምበር ሌላ ነገርም ታገኛለህ። መስከረም ከገባ በኋላ የእነሱ የመስቀል በዓል በ14 ነው። በዚያን ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ በሶብላ ይባረካል፣ ለምእመኑ ይታደላል። መቅደሱ በሙሉ በሶብላ በሶብላ ይሸታል። (አቶስ አሁንም በአሮጌው ቀን መቁጠሪያ ስለሚሄድ መስቀልን የሚያከብረው ሴፕቴምበር 27 ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ከኛው ደመራ ማግስት ጋር ይገጥማል። ወደፊት አቶስን ስታስብ ይህን ያዝ።)

ሳይክሉን በካርቶን አሽገህ በአውሮፕላን ከማንገላታት፣ በባቡር ጣሊያን ድረስ ሂድና ከአንኮና ወይም ከባሪ በመርከብ ፓትራ ግባ። በአብዛኞቹ መርከቦች ሳይክል በነጻ ነው የሚሄደው፤ ቲኬት ስትቆርጥ ግን ሳይክል እንዳለህ ተናገር። ከታች መኪናዎቹ መሐል በገመድ ያስሩልሃል። ከመርከቡ ስትወርድ መጀመሪያ የምታገኘው የሐዋርያው እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በትውፊት እንድርያስ የተሰቀለው እዚያው ፓትራ ነው። ራስ ቅሉ ለዘመናት ሮም ቆይቶ በ1964 ነው የተመለሰው። ከመነሳትህ በፊት እዚያ ገብተህ ጸልይ።

ከፓትራ በአሮጌው የባሕር ዳር መንገድ ወደ ዲያኮፕቶ ውረድ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳ ነው፣ እግርህን ይፈታልሃል። አውራ ጎዳናው ላይ ሳይክል ክልክል ነውና ስልክህ ወደዚያ ቢመራህ አትስማው። ከዲያኮፕቶ ንጋት ላይ፣ ጀርባህ ላይ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ያንን 900 ሜትር ጀምረው። ከታችህ በቩራይኮስ ገደል ውስጥ ከ1896 ጀምሮ የሚሠራ ጥርስ ያለው ሐዲድ አለ፤ ትንሿ ባቡር በጥርሷ እየነከሰች ስትወጣ ትሰማታለህ። ሜጋ ስፒሌኦ ማለት ትልቁ ዋሻ ማለት ነው። ገዳሙ አለቱ ላይ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ውስጡ ወንጌላዊው ሉቃስ የሠራት የምትባል የእመቤታችን ሥዕል አለች። የኛም ገዳማት ይህንኑ ይላሉና ታሪኩ አይገርምህም። የሚገርምህ ሥዕሏ ከሰምና ማስቲክ ከሚባል የዛፍ ሙጫ ተቀርጻ ጠቁራ ማየትህ ነው።

ካላቭሪታ ላይ ሁለት ሌሊት እደር። በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ካሉት ሰዓቶች አንዱ 2፡34 ላይ (14፡34 ማለት ነው) ቆሟል። ዲሴምበር 13 ቀን 1943 የጀርመን ጦር የከተማዋን ወንዶችና ታዳጊዎች ኮረብታ ላይ አውጥቶ የረሸነበት ሰዓት ነው። ከጀርመን እንደመጣህ ስትናገር ሽማግሌዎቹ ለአፍታ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ቂም ይዘውብህ አይደለም።

ከዚያ በክሊቶሪያ በኩል ሁለት ቀን ሰጥተህ ወደ ዲሚትሳና ሂድ። ከመንገዱ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። መኪና የለም ማለት ይቻላል። መንደሮቹ ውስጥ አንድ ካፌኒዮ፣ ሦስት ሽማግሌ፣ ከአለት የሚፈስ የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧ። ዳቦ ቤቱ ከቀትር በፊት ይዘጋል፣ እሑድ ሱቅ የለም፤ ስለዚህ ቅዳሜ የሁለት ቀን ስንቅ ያዝ። ረቡዕና ዓርብ «ኒስቲሲሞ» ብለህ ጠይቅ፤ የጾም ማለት ነው። ፋሶላዳ የቦሎቄ ሾርባ ነው፣ ሆርታ የተቀቀለ ጎመን መሰል ቅጠል ነው። ሽሪምፕና ካላማሪ በእነሱ ጾም ይበላሉ፤ ሳትጠይቅ ሳህን ላይ እንዳታገኘው ተጠንቀቅ።

ዲሚትሳናና ስቴምኒትሳ የሉሲዮስ ገደል አፋፍ ላይ ናቸው። እዚያ ሳይክል አትንዳ፤ አሳርፈው። በእግርህ ወደ ፕሮድሮሙ ውረድ። የመጥምቁ ዮሐንስ ገዳም ነው። ክፍሎቹ ከገደሉ ላይ በእንጨት ምሰሶ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ወለሉ በየእርምጃህ ይጮሃል፤ በጣውላው መሐል ወንዙ ይታያል። በእንግዳ ክፍሉ አንድ ብርጭቆ ውኃና ሉኩሚ፣ በስኳር የተነሰነሰ ለስላሳ ጣፋጭ፣ ያቀርቡልሃል። ውኃውን መጀመሪያ አትጠጣው፤ ሉኩሚውን ብላና ከላዩ ጠጣበት። ከሰዓት በኋላ ድንገት እንጨት በእንጨት ሲመታ ትሰማለህ። ሲማንድሮ ነው። መነኩሴው ረጅም ጣውላ ትከሻው ላይ ይዞ በመዶሻ እየመታ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል፤ መጀመሪያ ዘገም ይላል፣ ከዚያ እየፈጠነ ይሄዳል። ከማዶ ያለው የፊሎሶፉ ገዳም አሮጌው ክፍል ምሥረታው 963 ነው ይባላል። ወንዙን ተሻግረህ በእግር መንገዱ ትደርሳለህ። ሙሉ ቀን ስጠው።

ቀሪው ቀላል ነው። በሜጋሎፖሊ በኩል ወደ ስፓርታ ውረድ፣ ሚስትራ ከዚያ አፍንጫህ ሥር ነው። ፍርስራሹ መሐል ፓንታናሳ ገዳም ውስጥ ዛሬም መነኮሳይያት ይኖራሉ። ከስፓርታ እስከ አቴንስ በሳይክል መሄድ አይበጅህም፤ ትራፊኩ ብዙ ነው። ኬቴል የሚባለው የክልል አውቶቡስ ሆዱ ውስጥ ሳይክል ይወስዳል፤ የሚወስነው ሾፌሩ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ተገኝ፣ የፊት ጎማውን ፈትተህ፣ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠቅልለህ ጠብቀው። የሰው ሻንጣ በቅባት ከነካህ አለቀልህ።

ብቻህን ስለሆንክ በጣም የማስጠነቅቅህ ስለ ውሻ ነው። የበግ ጠባቂ ውሾች ናቸው፤ ትልልቅ፣ እረኛው በሌለበት ሦስት አራት ሆነው ከቁጥቋጦ የሚወጡ። ልብህ «ንዳ፣ አምልጥ» ይልሃል። ዳገት ላይ ከውሻ አታመልጥም። ቁም። ውረድ። ሳይክሉን በአንተና በውሾቹ መሐል አድርግና በእርጋታ እየተናገርክ ተራመድ። ካልሆነ ጎንበስ ብለህ ድንጋይ ያነሳህ ምሰል፤ ከልጅነትህ የምታውቀው ነገር ነው፣ የግሪክ ውሻም ይገባዋል። መንጋው ካለፈህ ይተውሃል። ከነከሰህ ግን ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠብና በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ነገ አትበል። ከጀርመን የጤና መድን ካርድህ ጀርባ ያለው የአውሮፓ ካርድ በመንግሥት ተቋማት ይሠራል።

ሳይክሉን በተመለከተ ብዙ አልልም። ማርሹ ቀላል መሆን አለበት፤ ከፊት ያለው ትንሹ ጥርስ ከኋላው ትልቁ ካልበለጠ ጥሩ ነው፣ ካነሰ ይበልጥ ጥሩ ነው። ጎማው ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋ፤ ስልክህ አቋራጭ እያለ ፒስታ ውስጥ ይከትሃልና። የፍሬን ሸራ አዲስ አድርግ። ዕቃህ ከ12 ኪሎ አይለፍ። ከፓትራ ወጥተህ ተራራው ውስጥ ከገባህ ጥሩ ሳይክል ጠጋኝ ማግኘት ይከብዳል፤ ሁለት የውስጥ ጎማና የሰንሰለት መፍቻ ያዝ። ማታ ማታ የት እንዳለህ ለአንድ ሰው ጻፍ፤ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለም።

ወረቀትህን በሚመለከት፣ ጥቁር ወጣት፣ ብቻውን፣ ሻንጣ ጭኖ በገጠር መንገድና በወደብ አካባቢ ሲሄድ ፖሊስ ሊያስቆመው ይችላል። በተለይ ፓትራ ወደብ ላይ፤ ለዓመታት ስደተኞች በጭነት መኪና ተደብቀው ወደ ጣሊያን የሚሻገሩበት ቦታ ነበር። ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ፓስፖርትህንና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድህን ዋናውን ውኃ በማይገባው ከረጢት ሰውነትህ ላይ ያዝ። የያዝከው የጥገኝነት ጉዳይህ ገና እየታየ ያለ ጊዜያዊ ወረቀት ከሆነ ግን ከጀርመን አትውጣ፤ መመለሻ ልታጣ ትችላለህ።

ገንዘቡ። 400 ዩሮ አይበቃም። በሴፕቴምበር በተራራው መንደሮች ቤርጎ 40 እና 50 ዩሮ ገደማ ታገኛለህ፤ ምግብና ቡና በቀን 20 ብለህ ያዝ። ለአሥራ ሁለት ሌሊት ከ800 በታች አታስብ። ጥሬ ብርም ያዝ። በየገዳሙ ጧፍ አብርተህ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ሁለት ዩሮ ማስገባት አለ፤ ሉኩሚ በልቶ ዝም ብሎ መውጣት ነውር ነው።

ስለዚህ ሰኞ ቢሮ ስትገባ ዕረፍትህን አስቀይር፣ ሴፕቴምበር 12 ፓትራ የሚያስገባህን መርከብ ቁረጥ። 13 ዲያኮፕቶ ታድራለህ፣ 14 ጠዋት በሶብላህን ተቀብለህ እዚያው ታርፋለህ፣ 15 ንጋት ላይ ዳገቱን ትጀምራለህ። ድንኳኑን ካልገዛኸው አትግዛው፤ ከገዛኸውም ቤትህ ይቅር።